ነብር ያልነው ሁሉ ነብር ነውን?

ሰሞኑን በትርጉም ልምምድ ክፍል ውስጥ አንድ ክርክር ተነሣ። ስለ ሕንድ ደን የሚያወራ ታሪክ ስንተረጉም አብዛኞቻችን «ታይገር» የሚለውን ቃል ሳናቅማማ «ነብር» ብለን ጻፍነው። ከገጠር የመጣ ጓደኛችን ግን እጁን አወጣ። «የእኛ ነብር ዝንጉርጉር ነው እንጂ መስመር የለውም። ፍየላችንን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲበላ አይቼዋለሁ እኮ!» አለ። ሳቅን። ማታ መኝታ ክፍል ገብተን ስናስበው ግን ሳቁ ወደ ጥያቄ ተለወጠብን። ላላየነው ነገር የምናውቀውን ስም ስንሰጠው ማስተዋወቃችን ነው ወይስ መሸፈናችን?

ታይገር አገሩ እስያ ነው፤ በአፍሪካ ዱር የለም። «ነብር» የሚለው ቃላችን ደግሞ የራሱ የቆየ ዘር አለው። በግዕዝ ነምር፣ በዕብራይስጥ ናሜር፣ በዓረብኛ ነሚር ይባላል። ነቢዩ ኤርምያስ በ13ኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያዊን መልክና የነብርን ዝንጉርጉርነት ጎን ለጎን ሲያነሣ የሚናገረው ስለዚሁ ጓደኛችን ስላየው አውሬ ነው።

የ«ታይገር» መንገድ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ «ቲግሪስ» ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥር ብዙ ሊቃውንት የኢራን ነው ይላሉ፤ በጥንታዊው ፋርስኛ «ቲግራ» ሹል፣ በአቬስታ ቋንቋ «ቲግሪ» ፍላጻ ማለት ነውና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ቫሮ ደግሞ ቃሉ የአርመን ነው፤ ፍላጻንም እጅግ ፈጣኑንም ወንዝ ይጠራል ብሎ ጽፏል። ወንዙ በኦሪት ዘፍጥረት ጤግሮስ የምንለው ነው። በሕንድ ሰው አፍ ግን አውሬው «ባግ» ነው። እንግዲህ ግሪኮችም በመንገድ ያገኙትን ስም ነው የሰጡት ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ስም መዋስ ኃጢአት አይደለም፤ ያልተዋሰ ሕዝብ የለም። ጥፋቱ ስሙን ከያዝን በኋላ ነገሩን ማየት ስናቆም ነው። ማኦ ሴቱንግ እ.ኤ.አ. በ1946 አድኃሪያን ሁሉ የወረቀት ታይገሮች ናቸው አለ። ቃሉ ወደ እኛ ቋንቋ «የወረቀት ነብር» ሆኖ ገባ። ራሱ ማኦ እ.ኤ.አ. በ1958 ሰው የሚበሉ እውነተኛ ታይገሮችም ናቸው ብሎ አክሎበት ነበር። የመጀመሪያዋ ግማሽ ለመፈክር ትመቻለች፤ ሁለተኛዋ ግን አስቡ ትላለችና ወደ ኋላ ቀረች።

ነገሩ በአውሬ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍን ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አንዱ ወገን «አናርኪስት» ሌላው ወገን «ባንዳ» ይል ነበር። ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ሰውየው ማነው፣ ምን አደረገ፣ እናቱ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም። በዚያ ዘመን ካለቁት ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። ፎቶግራፋቸው ዛሬም በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ አለ። እኛስ ዛሬ የማናውቀውን ሰው በብሔሩ፣ በሰፈሩ፣ በእምነቱ ጠርተን «በቃ፣ አወቅነው» አንልም? ኧረ እንላለን!

«ያላወቅነውን በምናውቀው ካልጠራነው ታዲያ በምን እንጀምር?» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው። መጀመሪያ ያለ ስም አይሆንም። ነገር ግን ስም የዕውቀት በር እንጂ ቤቱ አይደለም። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን አየሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል፤ የባሰ ሲሆን ደግሞ ቤቱን ያቃጥላል።

አባቶች «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ይላሉ። ስም ማውጣትም እንዲያ ይመስለናል። ለሰው ስም ከመስጠታችን በፊት ደጋግመን እናስብ። ከሰጠን ደግሞ ለቀነው አንሂድ፤ ልክ መሆኑን እስከ መጨረሻው የመመርመር ዕዳ አለብን።

በማግስቱ ትርጉማችንን አረምነው። «ታይገር» ብለን ጻፍንና ምን ዓይነት አውሬ እንደሆነ፣ መስመሩንም ጭምር፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገለጽን። አንድ መስመር ረዘመብን። ጓደኛችን ግን በዚያ ቀን እጁን አላወጣም።