«እነማን ናቸው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ



በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ከተማችን አጣዬ ስትቃጠል ብዙዎቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። ቤት ነደደ፣ ሰው ሞተ፣ የተረፈውም ተሰደደ። ካሜራ የያዙ ሰዎች ተከትለው መጡ። መምጣታቸው መልካም ነበር፤ ባይመጡ ማን ይሰማን ነበር?

በተጠለልንበት ቦታ አንዲት እናት ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የጋዜጠኛው የመጀመሪያ ጥያቄ «ያቃጠሏችሁ እነማን ናቸው?» የሚል ነበር። እማማ ቤታቸው እንዴት እንደነደደ ተናገሩ። ቀጥለውም ሌሊቱን ጓዳቸው ደብቀው ያሳደሯቸው ኦሮሞ ጎረቤታቸው እንደሆኑ፣ ሲነጋም እስከ አስፋልቱ እንደሸኟቸው ነገሩት። ማታ በስልክ ስናየው የእሳቱ ነገር አለ፤ የጎረቤታቸው ነገር የለም። «ምነው ግማሹን ዋጡት?» አሉ። ሌላ ጋዜጠኛ ሲመጣ ግን ስለ ጎረቤታቸው ራሳቸውም አላነሡም። የሚፈለገውን ለይተው አውቀውት ነበር።

እስከ ዛሬ የሚከብደኝ የመጀመሪያው መቆረጥ ሳይሆን ይህ ሁለተኛው ዝምታ ነው።

ማይክ የያዘ ሰው ሥልጣን አለው። ማን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ከተባለው የቱ እንደሚቀር የሚወስነው እርሱ ነው። ያ ጋዜጠኛ ውሸት አልፈጠረም። ነገር ግን በአገሩ ላይ «እኛ» እና «እነሱ» የሚል ሐሳብ ነግሦ ነበር፤ ጥያቄውም የመጣው ከዚያ ነው። ለዚያ ሐሳብ የማይመች መልስ ቦታ አጣ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የጎረቤታችንን የወሎን ረኃብ በፊልም ለዓለም አሳየ። በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት የግብዣ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አቀረበው። ረኃቡ እውነት ነበር፤ መሸፋፈኑም እውነት ነበር። የተራበው ገበሬ ፊት ምን እንዲመሰክር የወሰኑት ግን ሌሎች ነበሩ።

እንግዲህ ተጠያቂው ምን ያድርግ? ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ፈሪሳውያን ሁለት ጊዜ ጠርተው ጠየቁት። መልሱን አስቀድመው ወስነዋል፤ ኢየሱስ ኃጢአተኛ መሆኑን እንዲያጸናላቸው ብቻ ፈለጉ። ወላጆቹ ከምኵራብ እንዳይባረሩ ፈርተው ጥያቄውን ወደ ልጃቸው ገፉት። እርሱ የማያውቀውን አላውቅም አለ፤ የሚያውቀውን ግን፣ ዕውር እንደነበረና አሁን እንደሚያይ፣ አልለቀቀም። ስለዚህም አስወጡት። ጌታ ፈልጎ ያገኘው ከተባረረ በኋላ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ስለ ደግ ጎረቤት ማውራት የሞቱብንን ደም ማቅለል አይሆንም?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ከሐዘን የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። ሲገድል ያየ ሰው ገዳዩን በስሙ ይመስክር፤ ፍትሕ ያለ ምስክር አይቆምም። ነገር ግን ያየው የሰዎችን እጅ እንጂ የአንድን ሕዝብ ሁሉ እጅ አይደለም። ያላየውን ሲጨምር፣ ወይም ያየውን ደግነት ሲያስቀር፣ ምስክርነቱ ይበላሻል። በእኛ አገር ደግሞ በምስክርነት ላይ የተጨመረ አንድ ቃል ሌላ ቤት ያቃጥላል።

ዛሬ ማይኩ በእናንተም እጅ ነው። በስልካችሁ ሰው ታነጋግራላችሁ፣ ትቀርጻላችሁ፣ ቆርጣችሁ ትለጥፋላችሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱን ወስናችሁ እንደሆነ ራሳችሁን መርምሩ። የማትጠብቁትን ሲነግሯችሁም አትቁረጡት።

እማማን ባለፈው ሰሞን አግኝቻቸው ስለዚያች ሌሊት ጠየቅኋቸው። ስለ ቤታቸውም ስለ ጎረቤታቸውም ነገሩኝ። ሲጨርሱ «አንተስ እንዳለ ታወራዋለህ?» አሉኝ። ይኸው፣ እንዳለ ነግሬያችኋለሁ።

በኅብረታችሁ ተወያዩበት፦ ሰዎች እንድትሉላቸው የሚፈልጉትን ብላችሁ ያየችሁትን ያስቀራችሁበት ጊዜ አለን?