ያልገባው ተጫዋች

የተሸነፈ ቡድን ምርጥ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ የቀረው ነው። ኳስ አልሳተም፣ አልተነጠቀም፣ በደጋፊ አልተሰደበም። ከጨዋታው በኋላ በሚነሳው ክርክር ሜዳ ላይ ሲደክም ያመሸው ሰው የሚመዘነው ከዚህ እንከን የለሽ ሰው ጋር ስለሆነ ፍርዱ ሳይጀመር ያለቀ ነው።

የጣሊያኑ ሎሬንዞ ኢንሲኜ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ጣሊያን ወደ ሩሲያው የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከስዊድን ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበራት። ሶልና ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ያውም ዳኒዬሌ ዴ ሮሲን ነክታ አቅጣጫዋን በቀየረች ኳስ። ከሦስት ቀን በኋላ ሳን ሲሮ ላይ ግብ የግድ ሆነ። አሰልጣኙ ጃን ፒዬሮ ቬንቱራ ግን ኢንሲኜን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላስገቡትም። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ፤ ጣሊያንም ከ1958 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ዋንጫ ቀረች። ቬንቱራ በሁለተኛው ቀን ተሰናበቱ።

በዚያ ምሽት የተከላካይ አማካዩ ዴ ሮሲ እንዲያሟሙቅ ሲነገረው፣ የሚያስፈልገን አቻ ሳይሆን ማሸነፍ ነው ብሎ በቁጣ ወደ ኢንሲኜ ሲያመለክት ካሜራ ያዘው። ዓለም ይህን እንደ ትንቢት ተቀበለው። እሱ ራሱ በኋላ ሲያስረዳ ግን ነገሩ ያን ያህል አልነበረም፤ ሰዓቱ እያለቀ ስለሆነ አጥቂዎቹ ያሟሙቁ ማለቱ ነው። ንግግሩን ትንቢት ያደረገው ሽንፈቱ ነው። በ80ኛው ደቂቃ አንድ ኳስ በግንባር ገብታ ቢሆን ኖሮ ያው ምስል የአልታዘዝ ባይነት ማስረጃ ተብሎ በታየ ነበር።

ቢሆንም የዴ ሮሲ ቃል ከሌላው ወቀሳ ሁሉ የሚለይበት ነገር አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እሱ የጮኸው ጅቡ ገና ግቢ ውስጥ እያለ ነው። የአንድን ውሳኔ ጥሩነት ከውጤቱ ለይተን መመዘን ከፈለግን ልንጠይቅ የሚገባን ይህንኑ ነው፦ ውሳኔው በተወሰነበት ሰዓት ምን ይታወቅ ነበር?

ይህ ጥያቄ አሰልጣኙን ነጻ ያወጣል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ስዊድኖች ወደ ኋላ ተሰብስበው ነበር፤ ረጃጅም ናቸው፤ ከመስመር የሚሻገር ኳስ ለእነሱ ቀላል ሲሳይ ነው። ኢንሲኜ አጭር፣ ፈጣን፣ በጠባብ ቦታ ሰው የሚያልፍ ተጫዋች ነው፤ ክለቡ ናፖሊም በዚያ ሰሞን የጣሊያንን ሊግ ይመራ ነበር። ይህ ሁሉ ከፊሽካው በፊት የሚታይ ነበር። ስለዚህ ጣሊያን ብታልፍም ኖሮ ውሳኔው መጥፎ ነበር እላለሁ። እንዲህ የሚል ግን ከባድ ዕዳ ይወስዳል፤ ቡድኑ ሲያሸንፍም ያንኑ መድገም አለበት። ሰው እየጨፈረ ሳለ ይህን የሚናገር ማን ነው?

ደግሞ አንድ የተረሳ ነገር አለ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ማድሪድ ውስጥ ቬንቱራ ኢንሲኜን ጨምረው በ4-2-4 አሰላለፍ ስፔንን ገጥመው 3 ለ 0 ተሸንፈዋል። ያኔ የተወቀሱት አጥቂ አበዙ፣ መሀሉን ባዶ አስቀሩ ተብለው ነው። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሰው ግድየለሽም ፈሪም ተባለ። ሁለቱም ወቀሳ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ያወጣው ግን የውጤት ሰሌዳው ከሆነ፣ የተፈረደው በሰውየው አእምሮ ላይ ሳይሆን በኳሷ መንገድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ፓሌርሞ ላይ ጣሊያን ከ30 በላይ ሙከራ አድርጋ፣ በባከነ ሰዓት በትራይኮቭስኪ ግብ በሰሜን መቄዶኒያ ተሸንፋ ዳግም ከዓለም ዋንጫ ቀረች። አሰልጣኙ ሮቤርቶ ማንቺኒ ግን በሥራቸው ቆዩ፤ ከስምንት ወር በፊት ዌምብሌይ ላይ በመለያ ምት የአውሮፓን ዋንጫ አንስተው ነበርና። እኔ ብሆን የምጠይቃቸው ስለ ፓሌርሞ አይደለም። ቀደም ሲል በማጣሪያው የምድብ ጨዋታ ጆርጂንዮ ባዝል ላይ ከስዊዘርላንድ ጋር ፍጹም ቅጣት ምት ከሳተ በኋላ፣ ሮም ላይ ከዚያው ቡድን ጋር በ90ኛው ደቂቃ የተገኘውን ለምን እሱ መታ? ከሁለቱ አንዷ ብትገባ ጣሊያን በቀጥታ ታልፍ ነበር። በእርግጥ ይህም ጥያቄ ኳሷ ከተሳተች በኋላ የመጣልኝ ነው፤ ከመመታቷ በፊት ያነሳው ሰው ካለ ከእኔ ይልቅ እሱ ይደመጥ።