በመጨረሻው ዓመት የሚለቀም መና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዕረፍቱ ጊዜ አልቆ አዲሱ መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ተማሪው ሁሉ ወደየክፍሉ ይመለሳል። ከእነዚህም መካከል በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻውን ዓመት የሚማረው ወጣት የሚሰማው ስሜት ከሌሎቹ ልዩ ነው። አዲስ ገቢው የሚፈራው እንግድነቱን ነው፤ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ግን መሰልቸት፣ ጉጉት፣ ፍርሃትና የመለያየት ኀዘን በአንድነት ይይዙታል።

ከትምህርቱ ብዛት የተነሣ ይሰለቻል፤ አካሉ በክፍሉ ተቀምጦ ሳለ ልቡ በምረቃው ቀን ይውላል። አባቱ በሬውን ሸጦ፣ እናቱ ተበድራ አስተምረውት እንደ ሆነ፣ ውለታቸውን የሚከፍልበትን ቀን ይናፍቃል። ደግሞም ይፈራል፤ በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗልና። ከፈተናው ወዲያም ተመርቀው ሥራ ያጡትን ታላላቆቹን እያየ፣ የእኔስ ዕጣ ምን ይሆን ብሎ ይጨነቃል። ይህ ሁሉ የሰው ጠባይ ስለ ሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን የነገው አሳብ የዛሬውን ሥራ እንዳይነጥቀን መጠንቀቅ ይገባናል።

እስራኤል በምድረ በዳ 40 ዓመት ሲጓዙ እግዚአብሔር መና እያወረደ መገባቸው። መናው የሚለቀመው ለየዕለቱ ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ብለው ያሳደሩት ይተላ ነበር። ሕዝቡም ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ መናውን ጠልተው አጕረመረሙ፤ ይህንም ያደረጉት ጉዞው ሊፈጸም በተቃረበበት ጊዜ መሆኑን ልብ እንበል። መናው የቀረው ዮርዳኖስን ተሻግረው የከነዓንን እህል ከበሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ርስቲቱን በዓይኑ እያየ በዮርዳኖስ ማዶ የሰፈረው ሰው እንኳ መናውን መልቀም ነበረበት፤ የነገው ወይን የዛሬውን ረኃብ አያስታግሥምና። የመጨረሻው መንፈቅ ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ምረቃው ስለ ቀረበ የዕለቱ ንባብ አይቀርም።

ይህን በሥራ የገለጹ አባቶች አሉን። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በአቴና ከተማ አብረው ተምረዋል። በዚያ ብዙ ተድላና ብዙ ጨዋታ ሳለ እነርሱ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መምህራን ከሚወስዱት ከሁለቱ መንገዶች በቀር ሌላ እንደማያውቁ ጎርጎርዮስ ኋላ መስክሯል። የመሰነባበቻቸው ጊዜ በደረሰ ጊዜ ጓደኞቻቸውና መምህራኖቻቸው እንባ እያፈሰሱ ሊያስቀሯቸው ሞክረው ነበር፤ ስለዚህ መለያየትን ማዘን ለቅዱሳንም ያልራቀ ነገር ነው። ባስልዮስ ግን ያገኘውን ዕውቀት ለራሱ ክብር ብቻ አላዋለውም፤ ኋላ በቂሣርያ ረኃብ በሆነ ጊዜ ድሆችን መገበ፣ ለሕሙማንም መጠጊያ የሚሆን ቤት ሠራ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች ልጆቻችን ሆይ፤ በዚህ ጊዜ የሚመጣውን ልዩ ፈተና እወቁት። የደከመ ልብ አቋራጭ መንገድ ይወዳል። የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ ለሌላ የሚያስጽፍ፣ ፈተናውን ከጎረቤቱ የሚቀዳ ሰው፣ ሌሎች የለቀሙትን መና የእኔ ነው ብሎ በሐሰት የሚያቀርብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ቢሆን በሕመምተኛው፣ መሐንዲስ ቢሆን ድልድዩን በሚሻገረው ሕዝብ ላይ ይፈርዳል። አስቀድሞ በዚህ የወደቀ ቢኖር ተስፋ አይቁረጥ፤ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፣ የቀረውንም ጊዜ በእውነት ይሥራበት።

ስለ ሥራውም ጭንቀት፦ እግዚአብሔርን ያመነ ሁሉ በተመረቀ ማግሥት ሥራ ያገኛል ብለን አንሰብክም፤ ብዙ ደጋግ ልጆች ደጅ ሲጠኑ እናያለንና። የምንለው ይህ ነው፤ በታማኝነት የተማረ ሰው ሥራው ቢዘገይበት እንኳ ዕውቀቱና ንጹሕ ኅሊናው አብረውት ይኖራሉ። ወላጆችም ልጃቸውን፣ መቼ ትቀጠራለህ እያሉ በየቀኑ ከማስጨነቅ፣ ዛሬ ምን ተማርህ ብለው ቢጠይቁት ሸክሙን ያቀሉለታል።

መጀመሩን የፈቀደ አምላክ ለመፈጸሙ ያብቃን፤ የየዕለቱን መና በየዕለቱ የምንለቅምበትን ትጋት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።