ስለ መንገድ ጠብና ስለ ታጣቂው ሰው ኃላፊነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ወንድሞቹን ከግብፅ ወደ አባታቸው ሲያሰናብታቸው ስንቅና ሠረገላ ሰጣቸው፤ ከዚያም አንድ ምክር ጨመረላቸው፤ ይኸውም በመንገድ ሳሉ እርስ በርሳቸው እንዳይጣሉ ነው (ዘፍ. 45፥24)። ምክሩ ለሚሰማው ሰው ትንሽ መስሎ ይታያል። ዮሴፍ ግን የወንድሞቹን ጠባይ ያውቅ ነበርና ይህን መናገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው በመንደሩ ሳለ የሚገሥጸው ሽማግሌ፣ የሚመክረው የነፍስ አባት፣ ነገ ዐይኑን የሚያየው ጎረቤት አለው። በመንገድ ላይ ግን ሰው ለሰው እንግዳ ነው፤ ዳግመኛ አላገኘውም ብሎ ስለሚያስብ አያፍረውም። ድካሙ፣ ሙቀቱና ችኰላውም ተጨምረው ቍጣን ከልብ ወደ አፍ፣ ከአፍም ወደ እጅ ፈጥነው ያደርሱታል።

ዛሬ ሠረገላው መኪና ሆኗል፤ በትሩም ጠብመንጃ ሆኗል፤ የሰው ልብ ግን ያው የጥንቱ ልብ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ መሣሪያ የያዘ ክርስቲያን በመንገድ ላይ ተጣልቶ ሰው ቢያቈስል ወይም ቢገድል፣ «ራሴን ለማዳን ያደረግሁት ነው» ማለቱ በሕግና በእግዚአብሔር ፊት መቼ ይቆምለታል? መቼስ አይቆምለትም?

ይህን ጥያቄ በይፋት ቆላ ላይ ሆነን ብንመለከተው ክብደቱ ይገለጥልናል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ ያልፋል፤ በደብረ ሲና ቍልቍል ይወርድና ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራቆሬን እያቋረጠ ወደ ከሚሴ ይሄዳል። በዚህ በአንዱ ጎዳና ላይ ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ገበያ የሚሄደው እግረኛ፣ ከብቱና ግመሉ ሁሉ ይተላለፋሉ። ዐማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንገድ ሄደው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከእነዚህም መካከል መሣሪያ ያነገተው ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ ነገር እናስብ። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ከመታጠፊያው ሲወጣ በመንገዱ መካከል የነበረውን ግመል ገጨው እንበል። የግመሉ ጌታ ክላሹን እንዳነገተ እየሮጠ መጣ። ነጂውም ከመቀመጫው ሥር ሽጉጥ አለው። በመጀመሪያ ነገሩ የግመል ዋጋ ነበር፤ ሽማግሌ ቢቀመጥበት በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። ጥቂት ቃል ከተለዋወጡ በኋላ ግን ግመሉ ተረሳና ነገሩ የክብር ነገር ሆነ። አንዱ ሰደበ፤ ሌላው ከመኪናው ወረደ፤ አንዱ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ፤ ሌላው እጁን ወደ መቀመጫው ሥር ሰደደ። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት የቀረው «ሊገድለኝ ነበር» ይላል። ምናልባትም እውነቱን ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት ሞት በርግጥ ከፊቱ ቆሞ ነበርና። ነገር ግን ወደዚያች ቅጽበት ያደረሱት እርምጃዎች የማን ናቸው? ሲሰድብ፣ ሲወርድ፣ ሲያቀባብል ማን አስገደደው? ሰው በገዛ እጁ ያመጣውን ግዴታ እንደ ግዴታ አድርጎ ማቅረብ ይችላልን?

በመጀመሪያ የአገራችን ሕግ የሚለውን እንመልከት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ78ኛው አንቀጽ ራስን ወይም ሌላውን ሰው ለመከላከል የተደረገ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ነገር ግን ይህን ያለ ወሰን አልተወውም። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። በ79ኛው አንቀጽ ደግሞ ከወሰኑ ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንደሚቀነስለት፣ ይቅርታ በሚገባው ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ያደረገውንም ዳኛው ከቅጣት ነጻ ሊያደርገው እንደሚችል ተጽፏል። ሕጉ የሰውን ድካም ያውቃልና። ነገር ግን ሁለተኛውን ቃል እናስተውል፤ በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል እንደ ሆነ ነው። የመኪናው ሞተር ያልጠፋበት፣ መንገዱም ከፊቱ ክፍት የሆነለት ሰው ሌላ መንገድ አልነበረኝም ሊል እንዴት ይችላል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የተፈቀደለት መያዙ ነው እንጂ በተቈጣ ጊዜ መምዘዙ አይደለም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ደግሞ ከዚህ ጠልቀው የልብን አሳብ መረመሩ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮን ኤጲስ ቆጶስ ለአምፊሎኪዮስ በጻፋቸው ቀኖናዎች በፈቃድ የተደረገውን ግድያና ያለ ፈቃድ የደረሰውን ለየ። ውሻ ወይም ዛፍ ለመምታት ድንጋይ ወርውሮ ሳያስበው ሰው የገደለውንና በቍጣ ሰይፍ ወይም መጥረቢያ ያነሣውን በአንድ ሚዛን አላስቀመጣቸውም። በቍጣ ስለት ያነሣ ሰው «ለመግደል አላሰብሁም» ቢል፣ የያዘው መሣሪያ ራሱ ይመሰክርበታል። ከዚህም ሌላ ይኸው አባት ባልንጀራውን ለሞት የሚያበቃ ምት የመታውን ሰው፣ ጠቡን የጀመረ ቢሆን ወይም የመለሰ ቢሆን፣ ከነፍሰ ገዳይ ቍጥር አላወጣውም። ይህን የምንጠቅሰው በምእመናን ላይ ከባድ ሸክም ለመጫን አይደለም። የዓለም ዳኛ «ነጻ ነህ» ብሎ ያሰናበተው ሰው እንኳ በነፍስ አባቱ ፊት ንስሓ የሚገባበት ነገር እንደሚቀረው ለማስታወስ ነው። ሕግ የሚጠይቀው ሰውየው መቀጣት ይገባው እንደ ሆነ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የእግዚአብሔር አርአያ ያለበት ሰው ደም መፍሰሱን ታስባለች።

በኦሪትም ለዚህ ጥያቄ ብርሃን የሚሆን ሥርዓት እናገኛለን። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት በመታው ላይ የደም ዕዳ አይሆንበትም፤ ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ግን ቢሆን የደም ዕዳ አለበት (ዘፀ. 22፥2-3)። በሌሊት የገባውን ሰው ማንነቱን፣ የያዘውን፣ ያሰበውንም ባለቤቱ ሊያውቅ አይችልም። በቀን ግን ፊቱን ያያል፤ ንብረት ፈልጎ እንደ መጣ ይለያል፤ ጎረቤት ይጠራል። እንግዲህ የመንገድ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ፀሐይ በወጣበት፣ ሰው እያየ፣ ስለ ተቧጨረ መኪና ወይም ስለ ተቀደመ ተራ ነው። ፊቱን እያየነው፣ የሚፈልገውንም እያወቅነው በምንመታው ሰው ደም «አላወቅሁም» ብለን ልንነጻ አንችልም።

የዳዊትን ነገር ደግሞ እናስብ (1ኛ ሳሙ. 25)። የዳዊት ሰዎች የናባልን እረኞች በምድረ በዳ ጠብቀዋል፤ ናባል ግን በበዓሉ ቀን ጥቂት ስንቅ ቢለምኑት ሰደባቸው። ዳዊት በነገሩ ተበድሏል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ስለ ስድብ ግን 400 ሰው ሰይፍ አስታጥቆ የናባልን ቤት ሊያጠፋ ተነሣ። አቢግያ ስንቅ በአህያ ጭና ተራራውን ስትወርድ በመንገድ አገኘችውና በእግሩ ሥር ወደቀች። የተናገረችውም ፍሬው ይህ ነው፤ እግዚአብሔር ባነገሠህ ቀን ያለ ምክንያት ያፈሰስኸው ደም የልብ ጸጸት እንዳይሆንብህ አለችው። ስለ ዛሬው ስድብ ከእርሱ ጋር አልተከራከረችም፤ የነገውን ቀን አሳየችው። ዳዊትም ደም ከማፍሰስ ስለ ጠበቀችው ባረካት፤ ሰይፉንም መለሰ። ስለዚህም ክብሩ አልቀነሰም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ትምህርት አንድ ነው። በመንገድ ጠብ የሰው ጥፋት ወይም ንጽሕና የሚመዘነው ቃታ በተሳበበት ቅጽበት ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ስድብ ጀምሮ በተራመደው እርምጃ ሁሉ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰውም ከባዶ እጁ ሰው ይልቅ ሊታገሥ፣ ሊያሳልፍና ሊሸሽ የሚገባው እርሱ ነው። ባዶ እጁን ያለ ሰው ቢቈጣ ጥፊ ነው፤ ታጣቂ ሰው ቢቈጣ ግን ሬሳ ነው። ብዙ የተሰጠው ሰው ብዙ ይፈለግበታል የሚለው የወንጌል ትምህርት በዚህም ይፈጸማል (ሉቃ. 12፥48)።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ እንዳለ እናውቃለን። አጣዬ በ2011 ዓ.ም. ጥቃት ደርሶባታል፤ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ብዙ ሰው ሞቶ፣ ቤቱና ሱቁ ተቃጥሎ፣ ሕዝቡ ተሰዷል። ይህን ያየ ሰው «መሣሪያ ባልይዝ ልጆቼን ማን ይጠብቅልኛል? ጌታስ ልብሱን ሽጦ ሰይፍ ስለሚገዛ ሰው አልተናገረምን?» (ሉቃ. 22፥36) ብሎ ይጠይቃል። በልጆቹና በገዳይ መካከል የቆመውን አባት እኛ አንከስሰውም፤ ከላይ እንዳየነው የአገሩም ሕግ አይከስሰውም። ነገር ግን ጌታችን በዚያችው ሌሊት ጴጥሮስ የማልኮስን ጆሮ በቈረጠ ጊዜ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው፤ የጠላቱንም ጆሮ ፈወሰ። ሰይፍ በቤት መኖሩ ሌላ ነው፤ በቍጣ መመዘዙ ሌላ ነው። ለዚያ ለክፉ ቀን ተብሎ የተገዛው መሣሪያ በሰላሙ ቀን ሁሉ አብሮን ወደ ገበያና ወደ ጎዳና ይወጣል፤ ክፉው ቀንም ሳይመጣ ስለ ግመልና ስለ መኪና መስተዋት ይተኰሳል። በይፋትም አንዲት ጥይት የአንድ ሰው ጥይት ሆና አትቀርም። የሞተው የእነማን ወገን ነው፣ የገደለውስ የእነማን ነው እየተባለ የሁለት ሰዎች ጠብ የሁለት መንደር ጠብ ይሆናል። ስለዚህ ልጆቹን ለመጠበቅ የታጠቀ አባት በመንገድ ባይታገሥ፣ ሊጠብቃቸው ያሰባቸውን ልጆች ራሱ ለእሳት ይሰጣቸዋል።

ይህ ፈተና የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ፣ በክሊርዋተር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ምክንያት ጠብ ተነሣ። በቃል የጀመረው ሰው ተገፍቶ ወደቀ፤ ከወደቀበትም ሽጉጡን አውጥቶ የገፋውን ገደለው። የዚያ አገር ሕግ የተጠቃ ሰው መሸሽ ሳይገደድ ባለበት ቆሞ እንዲከላከል ይፈቅዳልና ገዳዩ በመጀመሪያ ሳይያዝ ቀርቶ ነበር። በኋላ ግን ተከሰሰ፤ ሟቹ መሣሪያውን አይቶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቀርቦ ታየ፤ በ2019ም የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት። መሸሽን ግዴታ ባላደረገው ሕግ ፊት እንኳ «ፈራሁ» ማለት ብቻውን አላዳነውም።

አባቶቻችን ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር። በመንገድ የሚያልፈውንም ታላቅ ሰው «ዳኘን» ብለው ይይዙት ነበር፤ እርሱም ጉዞውን አቁሞ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸው ነበር። ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ መንገድ የሚከለክላችሁን ሰው አሳልፉት፤ ቢሰድባችሁ ከመኪናችሁ አትውረዱ፤ የተቈጣ ልብ ይዛችሁ እጃችሁን ወደ መሣሪያ አትስደዱ። ጉዳት ቢደርስ የተጐዳውን እርዱ፤ ለነፍሳችሁ ካሠጋችሁም በቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ራሳችሁን አስታውቁ። የተጐዳው ወገንም ደም ልመልስ ብሎ በነጂው ላይ አይነሣ። እግዚአብሔር ለእስራኤል ሳያስበው የገደለ ሰው ከደም ተበቃይ የሚያመልጥበትን መንገድ እንዲያበጁ አዝዟል (ዘዳ. 19፥3)። በእግዚአብሔር ሥርዓት መንገድ የሰው ነፍስ የሚድንበት ነበር፤ እኛም የሚጠፋበት አናድርገው።

እናንተም ካህናት ወንድሞቻችን፣ የንስሓ ልጆቻችሁን «ሰው ገድለሃልን?» ብላችሁ ብቻ አትለፏቸው። በመንገድ ከማን ጋር እንደ ተጣሉ፣ በተቈጡም ጊዜ እጃቸው ወደ ምን እንደ ሄደ ጠይቋቸው። ገና ሳይተኰስ የሚጠየቅ ሰው ከተኰሰ በኋላ ከሚጠየቀው ይልቅ ለመዳን የቀረበ ነው።

አጣዬ ኤፌሶን የሚባል ሌላ ስም አላት። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ሰው ቢቈጣ እንኳ ኀጢአት እንዳይሠራ፣ በቍጣውም ላይ ፀሐይ እንዳትጠልቅበት ያስተማረው ለኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት ነው (ኤፌ. 4፥26)። ይህን ስም የያዘች ከተማ ትምህርቱንም ትያዝ። በጎዳናዋ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ነጂውንና እግረኛውን፣ ባለ መኪናውንና ባለ ግመሉን፣ የሰላም አምላክ በሰላም ያግባልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።