ተቀበለኝ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከቶንጎ ከተማ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ መንደር የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ነበረች። እናቷ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥታ በሰፈራ አሶሳ የገባች ናት፤ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አሳድጋ፣ ልጇን ወደ ማኦና ኮሞ ምድር ዳረች። የመንደሩ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው። ጥቂቶቹ ክርስቲያኖች ቆርቆሮ በለበሰች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ። ሴትዮዋ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል በጾሟም፣ በጸሎቷም፣ በሥራዋም ስሟ የተጠራ ነበር። "እሷ'ኮ ወንድ ናት" ይሏታል፤ ማሞገሳቸው ነው።

ምጡ በሐምሌ ሌሊት መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ደወለች። አምቡላንሱ ግን ጭቃውን አልፎ መምጣት ስለማይችል ከወንዙ ማዶ፣ ጥርጊያው መንገድ ላይ እንደሚጠብቅ ተነገራት። ባል ጓሮ ገብቶ ሁለት የጠነከሩ ቀርከሃዎች ቆረጠ፤ በጠፍር አሰረና ጋቢ አነጠፈበት። ጎረቤቱ ሳይጠራ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ስምንት ወንዶች ተቆጠሩ፤ አራቱ ከቤተ ክርስቲያን፣ አራቱ ከመስጊድ።

ቃሬዛው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሽማግሌ ወረፋውን ደለደሉ። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ከኋላ ይከተላሉ። ቀጥለውም ሕጉን ተናገሩ፦ "የተሸከመ ሰው ድካሙን አያውቀውም፤ የሚያውቅለት ከኋላው የሚሄደው ነው። ከኋላህ ያለው ትከሻህን ነክቶ 'አምጣ' ካለህ ስጥ፣ አትከራከር። ደከመኝ ካልክም 'ተቀበለኝ' በል፣ አትፈር።"

ባል የፊቱን የቀኝ ጫፍ ያዘ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች "ማርያም፣ ማርያም" እያሉ በግራ በኩል ይሄዳሉ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ባትሪ እያበሩ ከቃሬዛው ጎን አልተለዩም፤ እሳቸውም በልባቸው ዱዓ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ዳገት ሲያልቅ "አምጣ" ተባለ፤ ሦስቱ ሰጡ፣ ባል ግን አልሰጠም። "ሚስቴ ናት፣ ልጄ ነው፤ እኔ እችላለሁ" አለ። ከኋላው ያለው ወጣት አከበረውና ዝም አለ። በሁለተኛው ወረፋ ወጣቱ እንደገና ትከሻውን ነካው። "ተወኝ አልኩህ!" አለ ባል። በሦስተኛው ማንም አልነካውም።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የባል ጉልበት ከዳው። ቃሬዛው በአንድ ጎን አዘነበለ፤ ሴትዮዋ ወደ ጭቃው ልትንሸራተት ስትል ባለባትሪዋ እናት በሁለት እጃቸው ብብቷን ይዘው አስቀሯት። ባትሪው ወደቀ፤ ሁሉም በጨለማ ቆመ። ምጡ ለአፍታ ፋታ ሲሰጣት ሴትዮዋ ባሏን በስሙ ጠርታ፣

"አንተ ሰው፣ የምትሸከመው እኔን ነው ወይስ ስምህን?" አለችው።

ባል መልስ አልነበረውም። ወደ ኋላው ዞሮ "ተቀበለኝ" አለ። ወጣቱ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀለለ፤ አምቡላንሱ ጋ ደረሱ፣ ጎሕ ሲቀድም ቶንጎ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተወለደች። እልል ተባለ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለው ድምፅ ግቢውን ሞላው።

ምሳሌው ግን እዚህ አያልቅም።

ክረምቱ መንገዱን ስለዘጋው እናቷ ከአሶሳ ልትመጣ አልቻለችም። የባሏ አክስት ቅቤና አብሽ ይዘው መጡ፤ ገንፎውን አገንፍተው፣ ቤቱን አሙቀው፣ እስከ አርባው ቀን እዚያው ሊያድሩ አሰቡ። አራሷ በአምስተኛው ቀን ተነሥታ ምድጃው ሥር ተገኘች። "እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ደኅና ነኝ፣ ቤትዎ ይግቡ" አለቻቸው። ባለባትሪዋ ጎረቤት የልጅቱን ጨርቆች ሊያጥቡ መጡ። "አይገባም እናቴ፣ እኔ እችላለሁ" ብላ ከእጃቸው ተቀበለች። በሁለተኛው ሳምንት ጀሪካን ይዛ ወንዝ ወረደች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ቀርቦ አገኙት። ቡናውን ያፈላችው አራሷ ናት። ጠጡ፣ መረቁ፣ ሲወጡ "የክርስቲያን ሴት እንዲህ ናት!" እየተባባሉ ሄዱ። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት። እሷም ደስ አላት፤ ልጅ ማሳደግ መስቀል ነው፣ መስቀል ደግሞ ለብቻ የሚሸከሙት ነው ብላ ታምን ነበርና።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባል ከማሽላው ማሳ ሲመለስ የልጁን ለቅሶ ከሩቅ ሰማ። ድስቱ እሳት ላይ አርሯል፤ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። ሚስቱ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ያልተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ይዛለች፣ ውኃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል፣ ዓይኗ ግን በበሩ መቃን ላይ ተተክሏል። ልጇ አንድ ክንድ እልፍ ብላ ታለቅሳለች፤ አትሰማትም። ግንባሯን ሲነካት እሳት ነው።

ልጁን አነሣ። አጠገቧ ተቀመጠና ቀስ ብሎ፣ "ያን ሌሊት አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ዛሬ እኔ ልጠይቅሽ፤ የምትሸከሚው ልጃችንን ነው ወይስ ስምሽን?" አላት።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ባል ልጁን እንደታቀፈ ወደ ጎረቤት ሮጠ። ባለባትሪዋ እናት ደጃቸው ላይ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው ቆመው አገኛቸው። "እንዴት አወቁ?" አላቸው። "እኔማ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከኋላዋ ነበርኩ፤ የሚሰጠኝ አጣሁ እንጂ" አሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያው ተወሰደች፤ በሽታዋም ተገኝቶ ታከመች። ሽማግሌው ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ሰብስበው "እናንተስ የት ነበራችሁ?" ብለው ጠየቁ። "እችላለሁ አለችን" አሉ ሴቶቹ። ሽማግሌውም፣ "ባሏም እችላለሁ ብሎን ነበር። ሰምተነው ዝም አልን፤ ዝም በማለታችን ልትሞት ነበር። እችላለሁ ሲባል መስማት ክብር አይደለም። ወረፋ የደለደልኩት እኮ የሚችል ሰው ጠፍቶ አይደለም" አሉ። በዚያው ዕለት ወረፋ ወጣ፤ ውኃ የሚቀዳ፣ ጨርቅ የሚያጥብ፣ ሌሊት ልጅ የሚይዝ። አክስትም ተመልሰው ገቡ። ልጅቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እናቷ በእግሯ ሄዳ ነው።

ምሳሌው ይኸው ነው። የባልየውን ጥፋት ለመፍረድ የሚቸገር ያለ አይመስለኝም። የሴትዮዋን ግን እናደንቀዋለን፤ ያስጨነቀኝም ይህ ነው። ከስንት መድረክ ስለ እናት ስንሰማ ብቻዋን ያሳደገች፣ ሳትበላ ያበላች፣ ሳትተኛ ያደረች ተብላ ትወደሳለች። የሠራችው ሁሉ እውነት ነው፣ ምስጋናም ይገባታል። ነገር ግን ምስጋናው ብዙ ጊዜ የሰው እጅ ሊገባበት የሚገባውን ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ጠንካራ ናት ካልናት በኋላ ቤታችን እንገባለን።

ቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ብቻዋን የተተወች እናት ስትመሰገን አላየሁም። እመቤታችን የመልአኩን ቃል እንደሰማች ወደ ዘመዷ ወደ ኤልሳቤጥ ተራራማውን አገር አቋርጣ ገሠገሠች፤ ሦስት ወር ያህልም አብራት ተቀመጠች። ሁለቱም ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ አንዷ ወጣት፣ አንዷ አሮጊት። ሩት በባዕድ አገር ስትወልድ ለልጁ ኢዮቤድ ብለው ስም ያወጡለት ጎረቤቶች ናቸው፤ ታቅፋ ያሳደገችውም አማቷ ኑኃሚን ናት። ሙሴ በቅርጫት ወንዝ ዳር ሲቀመጥ እኅቱ ከሩቅ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ጢሞቴዎስን ሐዋርያው ሲያመሰግን ከእናቱ ከኤውንቄ አስቀድሞ አያቱን ሎይድን ይጠራል። ጌታም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን "ትችላለች" ብሎ አልተዋትም፤ ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት፤ እሱም ወደ ቤቱ ወሰዳት። መስቀሉን ራሱን እንኳ ስምዖን የተባለው የቀሬና ሰው ተቀብሎ ተሸክሞታል። ሴትዮዋ ይህን ብታስታውስ ኖሮ መስቀል ለብቻ ነው ባላለች ነበር።

አገራችን ይህን የመቀባበል ነገር በተግባር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ውልደት የ871 እናቶች ሞት ተመዝግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 412 ደረሰ። ያም ብዙ ነው፤ ግን ከግማሽ በላይ ወርዷል። ያወረደው አንድ ጀግና አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር ቤት ለቤት የዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አዋላጅ ነርሶች፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ቃሬዛ የተሸከሙ የቀበሌ ወንዶች አሉበት። በጉራጌ ምድር የካቶሊክ ሚሲዮን የመሠረተው አጣጥ ሆስፒታል ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእናቶች ማቆያ ከፍቶ፣ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ ግቢው ውስጥ እንዲሰነብቱ አደረገ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናየው ማቆያ የዚያ ሐሳብ ወራሽ ነው። በማቆያው ገንፎ የሚገነፋበት እህልና ማገዶ በብዙ ቦታ ከሕዝብ የሚዋጣ ነው።

ዘመድ ያላት እናት አክስቷን ታገኛለች። ዘመድ የተበተነባትስ? በጥር 2014 ዓ.ም. ቶንጎ አጠገብ የነበረው የስደተኞች መጠለያ በግጭት ተዘርፎ ሲቃጠል፣ ጉሬ ሸምቦላ ከሚባለው መጠለያ የሸሹት ሲታከሉበት ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች ተፈናቀሉ። በክልሉ ቀያቸውን ጥለው የሸሹ የራሳችን ወገኖችም ብዙ ናቸው። ከእነዚያ መካከል አራስ የነበሩትን፣ እናትም አማትም አጠገባቸው ያልነበረላቸውን አስባቸዋለሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷን ሳታውቅ አራስ የሆነችው፣ ቨርጂኒያ ሆና እናቷ ቪዛ የተከለከለችባትም ከእነሱ ጋር ናቸው። ለእነዚህ ሴቶች አክስትና አያት መሆን ያለበት ምእመኑና ጎረቤቱ ነው፤ ሌላ የሚመጣ የለም።

እድራችንን ተመልከቱ። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ደጁ ይሞላል፣ የቀረ ይቀጣል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያቆመ ሕዝብ ለወለደች ሴት ወረፋ ማውጣት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ እድርተኞች፣ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ የቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበራት፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ጨምሩ፦ በዚህ ወር በሰፈራችን የወለደችው ማን ናት፣ ሰኞ ማን ይሄዳል፣ ማክሰኞ ማን፣ ሌሊቱን ማን? ክርስትና እናት የሆናችሁ ደግሞ የልጁን ነጠላ ከመግዛታችሁ በፊት የእናቲቱን ጀሪካን አንሡ። "እችላለሁ" ትላችኋለች። አትስሟት፤ ተቀበሏት። አንቺም አራሷ እኅቴ፣ ትከሻሽን ሲነኩሽ ስጪ።