እምብርቱ የት ነው?

አንድ ወጣት ዲዛይነር ነበር። አዲስ አበባ፣ ቦሌ በኩል፣ አንዲት እናት ለሚያሠሩት ቤት የሳሎን ጌጥ እንዲሥል ተቀጠረ። የሳሎኑ ወርድ 6 ሜትር ነው። ኮርኒሱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ካንዱ ግድግዳ ተነስቶ፣ አናት ላይ ወጥቶ፣ በሌላው ግድግዳ የሚወርድ ግማሽ ክብ ነው። ብረቱን ያጠፈው ሰው እጁ የተባረከ ነበርና ልሰኑ ሲያልቅ አንዲት ጉብታ አልወጣበትም።

ባለቤቲቱ ቀና ብለው አዩትና «እዚህ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ የጂብሰም ጌጥ ይዙርበት» አሉ።

ልጁ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ስኬችአፕ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ቅስቱን ሣለ። የጌጡን ቅርጽ፣ ጎድጓዳውን፣ ጉብታውን፣ ከንፈሩን አሳምሮ ቆረጠና በቅስቱ ጫፍ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ከዚያ «ፎሎው ሚ» የሚሉትን መሣሪያ ነካ፤ ይሄ መሣሪያ ቅርጹን እየጎተተ በመንገዱ ላይ ይነዳዋል። ጌጡ ከግድግዳ ግድግዳ ሽው ብሎ ተዘረጋ። ብርሃን ጨመረበት፣ ጥላ ጣለበት፣ ለባለቤቲቱ በስልክ ላከላቸው። እልል ለማለት ምንም አልቀራቸው።

ፎርማኑ ልኬት ጠየቀ። ልጁ ልኬት አወጣ፦ ቁራጭ 12፣ ያንዱ ርዝመት 78.3 ሴንቲ ሜትር፣ መጋጠሚያው ላይ ጫፉ በ7.5 ዲግሪ ይቆረጥ። ሚሊ ሜትር እንኳ አልዘለለም። ሠራተኞቹም ወረቀቱን አመኑ። ቆረጡ፣ መወጣጫው ላይ ወጡ፣ ሰቀሉ። የቁራጮቹ ጫፍና ጫፍ ኮርኒሱን ነካ፤ መሃላቸው ግን ራቀ። አውራ ጣት ገባበት። «ልሰኑ ነው የጎደለው» ተባባሉና ክፍተቱን በጂብሰም ሞሉት።

ማታ መብራት በራ። ጌጡ ማዕዘን በማዕዘን ሆኖ ተገኘ።

«እኔ ሳሎን አልኩ ወይስ የሠርግ ድንኳን?» አሉ ባለቤቲቱ።

ልጁ ሠራተኞቹን ወቀሰ። ሠራተኞቹ ወረቀቱን አወጡ፣ ሜትር ዘረጉ፤ 78.3። ልክ ነው። ልጁ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ጌጡ አንዲት ስብራት የለበትም። እሱም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ጌጡ ብቻ ተሳስቶ አናታቸው ላይ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ፎርማኑ አንድ ሽማግሌ የጂብሰም ባለሙያ አስጠራ። ሽማግሌው መጡ። ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ላይ ሲቀስር እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም፤ ወረቀቱን ጠየቁ። አገላበጡት።

«እምብርቱ የት ነው?»

«የምን እምብርት፣ አባባ?»

«የቅስቱ ነዋ፣ ልጄ። ክብ ነገር መሃል አለው። ርዝመት አይቻለሁ፣ ማዕዘን አይቻለሁ፤ መሃሉን ግን አላየሁም።»

ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ፈለገ። የለም።

ሽማግሌው መጥረጊያ ተቀበሉና የሳሎኑን ወለል ራሳቸው ጠረጉ። አንዱ ግድግዳ ሥር፣ እኩሌታው ላይ፣ አንድ ጣውላ አስጠብቀው ሚስማር መቱበት። 3 ሜትር የሚሆን ዘንግ አስመጡ። አንዱን ጫፍ በስተው ሚስማሩ ላይ አዋሉት፤ በሌላው ጫፍ ላይ በጌጡ ቅርጽ የቆረጡትን ላሜራ ቸነከሩ። ከዚያ ጂብሰሙ ገና ሳይበጠበጥ ዘንጉን ባዶውን አዞሩት። ካንድ ጥግ ተነስቶ እስከ ሌላው ጥግ ሄደ። መለሱት። እንደገና አዞሩት። ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ፤ ሽማግሌው ሚስማሩን ነካ ነካ አድርገው እንደማይነቃነቅ እስኪያረጋግጡ ድረስ ውሃ አምጡ አላሉም።

ከዚያ በኋላ ግን ችኮላ ሆነ። ጂብሰም አንዴ ውሃ ከነካው ሰው አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ላስቲክ ተነጠፈ፣ ቃጫ ገባበት፣ ጌጡን በጎኑ አስተኝተው አፈሰሱ። ዘንጉን ገፉ። መጀመሪያ ሲያልፍ ሸካራ ነበር፤ ጨመሩበት፣ ደግመው ገፉ፣ ላሜራው ትርፉን እየላገ ሄደ። ዘንጉ ከሚስማሩ ሊርቅም ሊቀርብም አይችልምና ጌጡ ሌላ ቅርጽ መያዝ አልቻለም። ሲደርቅ አራት ቦታ ከፍለው ሰቀሉት።

«አባባ፣ አራት ቁራጭ ብቻ?» አለ ልጁ። «እኔ እኮ 12 ነበረኝ።»

«ያንተስ ብዙ ነበር» አሉና ላሜራቸውን ማጠብ ጀመሩ።

እንግዲህ ሂሳቡን እናድርገው። ስኬችአፕ የተጠማዘዘ መስመር የለውም። ክብ ሣልልኝ ሲሉት 24 ጎን፣ ቅስት ሲሉት ደግሞ 12 ቀጥ ያሉ መስመሮች ይገጣጥማል፤ ካልነገሩት በቀር ልማዱ ይኸው ነው። አልደበቀውም። መሣሪያውን ሲመርጡ ከገጹ በስተቀኝ፣ ታች ጥግ ላይ «12» ብሎ ይጽፋል። እምብርቱንም ያውቀው ነበር፤ ልጁ ልኬት ለማውጣት መስመሮቹን ሲበታትናቸው ነው የጠፋው። አንድ ነገር ብቻ ይሸፍናል፦ የመጋጠሚያዎቹን ጠርዝ አለስልሶ ጥላቸውን ያዋህደዋል። ልጁ ጥላውን አየ፤ ሠራተኞቹ መስመሩን ለኩ።

በነገራችን ላይ፣ ሽማግሌውንም ያለ ልክ አናወድስ። ኮርኒሱ ሞላላ ቢሆን ኖሮ አንድ ሚስማር አያወጣቸውም ነበር፤ ያን ጊዜ ልጁ ነበር የሚጠራው። ደግሞስ ቅርጽን በመንገድ ላይ መንዳት የሁለቱም ጥበብ ነው፤ ላሜራውም «ፎሎው ሚ»ም ሥራቸው አንድ ነው።

ስለዚህ ቅስት የምትሥሉ ሁሉ፣ መስመሩን እንደጨረሳችሁ እጃችሁን ሳታነሱ የቁራጮቹን ቁጥር ጻፉና «ኤስ» የምትለዋን ፊደል ጨምሩበት። በዚያ 6 ሜትር ሳሎን 12 ሲሆን ክፍተቱ 26 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ 24 ሲሆን ወደ 6 ይወርዳል፤ 48 ሲሆን 2 አይሞላም። ቁራጩ እጥፍ በሆነ ቁጥር ክፍተቱ ሩብ ይሆናል። 96 ብታደርጉት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይደርስም፤ እሱን ቀለም ቀቢው በስቱኮ ይዘጋዋል።