የተሰቀለውን መሰንቆ እናውርድ

(መዝ. 136 [137]፤ 1ኛ ሳሙ. 16፡14-23)



ወደ ባቢሎን የተማረኩት የእስራኤል ልጆች በወንዞች ዳር ተቀምጠው ጽዮንን እያሰቡ ሲያለቅሱ፣ መሰንቆዎቻቸውን በአኻያ ዛፎች ላይ እንደ ሰቀሉ መዝሙረኛው ይነግረናል። የማረኳቸው ሰዎች እንዲዘምሩላቸው ቢጠይቋቸውም በባዕድ ምድር የጌታን ዝማሬ ለማሰማት አንደበታቸው አልታዘዘላቸውም። ይህን መዝሙር ብዙ ጊዜ የምናነበው እንደ ኀዘን መዝሙር ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። መሰንቆዎቻቸውን አልሰበሯቸውም፤ ወደ ወንዙም አልወረወሯቸውም፤ ሰቀሏቸው እንጂ። የተሰቀለ ዕቃ አንድ ቀን እንደሚወርድ ተስፋ የተጣለበት ዕቃ ነው።

እኛ በደሴና በኮምቦልቻ የምንኖር ሰዎች ይህን መዝሙር ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ሁለቱ ከተሞቻችን በጦርነት እሳት ውስጥ አልፈዋል። ቤቱን ዘግቶ የተሰደደ፣ ቤቱ ተዘርፎ የጠበቀው፣ የሚወደውን ቀብሮ የተመለሰ በየደጃችን አለ። ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ከደቡብ ወሎ የሚነሡ ወጣቶች በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው በየመን ምድር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሲሄዱ ኖረዋል። ከእነርሱም በመንገድ የቀሩ አሉ። እናቶቻቸው ዛሬም የስልክ ጥሪ ይጠብቃሉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ በየቁምስናችን አዳራሽ ለወጣቶች የመሰንቆ፣ የክራርና የበገና ትምህርት እንክፈት ስንል፣ «ለዚህ የሚሆን ጊዜ አለን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስም ይገባዋል።

ዳዊት በሳኦል ፊት

ቅዱስ መጽሐፍ ዳዊትን ወደ ንጉሡ ቤት ያስገባው በሰይፍ አይደለም። ጎልያድን ከመግጠሙ አስቀድሞ፣ በጎች የሚጠብቀው የእሴይ ትንሹ ልጅ የተጠራው በገና መምታት ስለሚያውቅ ነበር። ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገናውን ይመታለት ነበር፤ ሳኦልም ይረጋጋ፣ ይሻለውም ነበር። አንድ እረኛ በሜዳ በብቸኝነት የተማረው ነገር የታመመ ንጉሥ መጽናኛ ሆነ። በተራሮቻችን ላይ በግና ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ላሉን ለእኛ ይህ የቅርብ ታሪክ ነው።

ሆኖም ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ያው ሳኦል፣ ዳዊት በገናውን እየመታለት ሳለ ጦር ወርውሮበታል (1ኛ ሳሙ. 18፡10-11)። ስለዚህ ዜማ አስማት አይደለም። መሰንቆ እንጀራ አይሆንም፤ ክራርም ለሥራ አጡ ሥራ፣ ለተሰደደው መመለሻ አይሰጥም። ለወጣቶቻችን የማንሰጠውን ተስፋ አንስጣቸው። የምንላቸው ይህን ነው፦ የሰው ልጅ በእንጀራ ብቻ አይኖርም፤ ኀዘኑን የሚያወጣበት፣ ምስጋናውን የሚያሰማበት፣ ከሌላው ጋር አንድ የሚሆንበት ነገር ያስፈልገዋል። ያንን ያጣ ወጣት ኀዘኑን በጫትና በመጠጥ ሲያፍን፣ ወይም ቂም አድርጎ ሲያሳድገው አይተናል።

የራሳችን ሀብት

እግዚአብሔር ለዚህ ምድር የሰጠውን ስጦታ እናስብ። በሀገራችን ሙዚቃ ታላላቅ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ስም የያዙ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኘው፣ ግሸን ማርያምን የያዘው ተራራማ አገር ነው። መላው ኢትዮጵያ ክራሩን ሲቃኝ የእኛን መንደሮች ስም ይጠራል። የደሴና የኮምቦልቻ ልጅ ግን ባቲን ከአምባሰል ለይቶ ካላወቀ፣ የአባቱን ቤት በር ከውጭ ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ (ቁ. 119)፣ ሕዝቦች የራሳቸው የሆነው የዜማ ትውፊት በሃይማኖታዊና በማኅበራዊ ኑሯቸው ትልቅ ቦታ እንዳለው አስታውሶ፣ ተገቢው ክብር እንዲሰጠውና በትምህርት ቤቶችም እንዲስፋፋ አሳስቧል። ስለዚህ የምንለው ነገር ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለት ሥጋቶች

የመጀመሪያው ሥጋት ከወላጆች የሚመጣ ነው፦ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነው?» ይላሉ። በኅብረተሰባችን መሰንቆ መቺ ሲጨፈርበት የሚፈለግ፣ ሲበተን የሚናቅ ሰው ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ «መዝሙር» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። የምንንቀው ሰውና የምናከብረው መጽሐፍ በአንድ ሥር ተያይዘዋል። ጌታችን በእጁ ሥራ የሚኖረውን ሰው አልናቀም፤ እርሱ ራሱ ጠራቢ ነበረና። ስለዚህ ልጆቻችን መሰንቆ የሚያውቅ አንድ አዛውንት ፊት ተቀምጠው «አባባ፣ ያስተምሩኝ» ሲሉ፣ ዜማውን ብቻ አይማሩም፤ የተናቀውን ማክበርም ይማራሉ።

ሁለተኛው ሥጋት ስለ ሥርዓተ አምልኮ ነው። የግእዝ ሥርዓታችን ከቅዱስ ያሬድ የወረስነው የራሱ ዜማ አለው፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው ቦታቸው የታወቀ ነው። ባለ አውታር መሣሪያዎችን ወደ ቅዳሴው እናስገባ አላልንም። በገና ከጥንት ጀምሮ በተለይ በዐቢይ ጾም በየቤቱ የሚደረደር የግል ጸሎት መሣሪያ ነው። ክራርና መሰንቆም በአዳራሹ፣ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል፣ በሠርግና በበዓል ቀን ሰፊ ቦታ አላቸው። ሁሉም በየቦታው ሲሆን ያማረ ነው።

አውታር ምን ያስተምራል?

ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር አለው። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር የፈለገ ሰው አውታሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ አንዱ ከላላ ወይም ከመጠን በላይ ከጠበቀ የቀሩት በደንብ ቢቃኙም ዜማው ይበላሻል። ሐዋርያዊው አባት ቅዱስ አግናጥዮስ ዘአንጾኪያ በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለኤፌሶን ምእመናን በጻፈው መልእክት፣ ካህናቱ ከጳጳሳቸው ጋር መስማማታቸውን ከበገና አውታሮች ጋር አመሳስሎታል። ቅዱስ አውግስጢኖስም ስለ በገናው አሥር አውታር ሲሰብክ አሥሩን ትእዛዛት አስታውሷል፤ በሀገራችንም ትውፊት የበገና አሥር አውታር በዚሁ ይተረጎማል። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከዚህ የተሻለ መማሪያ ከየት ይገኛል? አሥሩን ትእዛዛት በቃል የሸመደደ ልጅ ሊረሳቸው ይችላል። አውታር በነካ ቁጥር አንዱን ትእዛዝ ያሰበ ልጅ ግን ቶሎ አይረሳም።

መሰንቆ ደግሞ ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው፤ ያውም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ከዚያች ከአንዷ አውታር የሚወጣው ዜማ ግን ሰውን ያስለቅሳል፣ ያስቃልም። «እኔ ያለኝ ጥቂት ነው» ለሚል ወጣት ይህ ራሱ ስብከት ነው።

ከእጅ ወደ እጅ

እነዚህ መሣሪያዎች የሚተላለፉት ከሰው ወደ ሰው ነው። ዝነኛው የበገና ሊቅ ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው በገናን የተማሩት በአዲስ አበባ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በደርግ ዘመን የበገና ትምህርት ሲቋረጥና ድምፁም ከሬዲዮ ሲጠፋ፣ በገና እርሳቸውን በመሰሉ ጥቂት ሰዎች እጅ ተጠብቆ ቆየ። ዛሬ በእኅት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤቶች ብዙ ወጣቶች በገና ሲደረድሩ የምናየው ያ እጅ ስላልታጠፈ ነው። በዚያው በደርግ ዘመን በእኛ ከተማ በደሴ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስሙ የገነነ ነበር፤ በየቀበሌውም ወጣቶች ክራርና መሰንቆ ይዘው ይሰበሰቡ ነበር። የተሰበሰቡበት ዓላማ የመንግሥት ቅስቀሳ ቢሆንም፣ አንድ ነገር አሳይቶናል፦ አዳራሽና መምህር ካለ ወጣቱ ይመጣል። ለምን ዓላማ እንደሚመጣ የሚወስነው በሩን የሚከፍተው ነው።

ከሩቅም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በደቡብ አሜሪካ፣ በዛሬዋ ቦሊቪያ፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በቺኪቶስ ሕዝብ መካከል ቫዮሊን መሥራትንና መጫወትን አስተምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1767 ካህናቱ ከአገሩ ተባረሩ። ሕዝቡ ግን ዜማውን አልተወም፤ የዜማ ጽሑፎቹን እየገለበጠ ለልጅ ልጆቹ አቆየ። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲታደሱ በሺህ የሚቆጠሩ የዜማ ገጾች ተገኙ። ካህን ይመጣል፣ ካህን ይሄዳል፤ በሕዝቡ እጅ የገባ ነገር ግን ይቆያል። እነዚያ የተቀበሉት የባዕድ መሣሪያ ነበር፤ እኛ የምንጠየቀው የራሳችንን እንድንቀበል ነው።

እንዴት እንጀምር?

ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከትን ያቋቋሙት በ2007 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ነው። ወጣት ሀገረ ስብከት ነን፤ አቅማችንም የተወሰነ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ በአገራችን አሉ፤ የሚጠርብ እጅም አለ። በየቁምስናው አምስት ወጣቶች፣ አንድ አዛውንት መምህርና በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለመጀመር ይበቃሉ።

ሴቶች ልጆችን ወደ ኋላ አንተዋቸው። አስናቀች ወርቁ በክራሯ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀች ሴት ነበረች፤ ክራር የወንድ ብቻ ነው የሚል ካለ እርሷን ያስታውስ።

በሩንም ለጎረቤቶቻችን ክፍት እናድርገው። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው መኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ በሠርጉም በለቅሶውም አንለያይም። መንዙማ የሚሰማበት ቤት ልጅ ክራር ልማር ብሎ ቢመጣ በደስታ እንቀበለው። ነገር ግን መሰንቆን የማጥመጃ መረብ አናድርገው። የምንሰጠው በነጻ የተቀበልነውን ነው፤ በምላሹ የምንጠብቀው አንዳች ነገር የለም። ከአንድ ክራር አጠገብ ተቀምጠው አውታር የቃኙ ልጆች፣ ነገ ሰዎች ሊያጣሉአቸው ሲመጡ አንዱ የሌላውን ስም ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ካየነው በኋላ፣ ይህ እንደ ትንሽ ነገር የሚቆጠር አይደለም።

ውድ ምእመናን፣ ምርኮኞቹ መሰንቆዎቻቸውን በሰቀሉበት ወንዝ ዳር ለዘላለም አልተቀመጡም፤ እግዚአብሔር ወደ ጽዮን መለሳቸው። እኛም በዚህ የጸጋ ጊዜ ኀዘናችንን ሳንክድ፣ የሞቱብንንም ሳንረሳ፣ የተሰቀለውን እናውርድ፤ አቧራውን እንጥረግ፤ የላላውን አውታር እንቃኝ፤ ለልጆቻችንም እንስጣቸው። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በኤልሳቤጥ ቤት ያሰማችው የምስጋና መዝሙር በልጆቻችን አንደበትና ጣት ይቀጥል ዘንድ ታማልደን። የእግዚአብሔር ሰላም በቤታችሁ ይደር። አሜን።